የድንጋይ ዕድሜ አስሊ ፕሮግራም ጥገና፦ የ11 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

አንድ ዚርኮን፣ ሁለት ዕድሜ። ሥራው የተጀመረው ከዚህ ነው።

ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የአይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር የተለያየ ክብደት ያላቸው አተሞች) ሬሾዎችን ከሲኤስቪ ፋይል ያነባል፣ ዕድሜ ያሰላል፣ ግራፍ ይስላል። የጻፉት ሰዎች ወደ ሌላ ሥራ ከዞሩ ቆይተዋል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ግን የቻለ ሁሉ ወስዶ ሊያስተካክለው ይችላል። ላብራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ አንድ ፋይል ላከችልኝ። ሠንጠረዡ ላይ የወጣው የሊድ-207/ሊድ-206 ዕድሜ ግራፉ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። ልዩነቱ 900 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ድንጋዩ ወደ 1,000 ሚሊዮን ዓመት ስለሚጠጋ ይህ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ፋይሉ አንድ፣ ፕሮግራሙ አንድ። መልሱ ለምን ሁለት ይሆናል?

ሂሳቡን በአጭሩ ላስቀምጠው። ዩራኒየም-238 ቀስ እያለ ይፈራርስና ወደ ሊድ-206 ይለወጣል (ሊድ እርሳስ ነው)። ዩራኒየም-235 ደግሞ ወደ ሊድ-207። ዚርኮን የሚባለው ማዕድን ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፣ ሊድን ግን አያስጠጋም። ስለዚህ ዛሬ ውስጡ የምናገኘው ሊድ በአብዛኛው እዚያው የተወለደ ነው። የልጁን መጠን ለወላጁ አካፍለን፣ ወላጁ በምን ፍጥነት እንደሚፈራርስ የሚናገረውን ቋሚ ቁጥር፣ ዲኬይ ኮንስታንቱን፣ ስንጨምርበት ጊዜው ይወጣል። የሁለቱ ዩራኒየሞች ኮንስታንት 1.55125×10⁻¹⁰ እና 9.8485×10⁻¹⁰ በዓመት ነው። በ1971 የታተሙ ልኬቶች ናቸው፣ ዛሬም የምንሠራው በእነሱ ነው።

የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ የቁጥር ማጠጋጋት ላይ አረፈ። ኮዱ ኤክስፖኔንሻሉን ያሰላና 1 ይቀንሳል። ውጤቱ በጣም ትንሽ ሲሆን ይህ አካሄድ ዲጂት ይበላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ኤክስፒኤም1 የሚባል ፈንክሽን አለ። 23 ቦታ ላይ ቀየርኩ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ዕድሜዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ድንጋዩ አሮጌ ስለሆነ መጀመሪያውኑ የሚበላ ዲጂት አልነበረም። እርሳስና ወረቀት ይዤ ሁለት ደቂቃ ብቀመጥ ኖሮ ይህን አውቀው ነበር። ከዚህ በኋላ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፦ ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያዛንፍ ሳላሰላ ኮድ አልነካም።

ለውጡን ግን አልመለስኩትም። ጉዳት የለውም።

ሳምንት 2

አሁን በደንቡ ሄድኩ። በ1,000 ሚሊዮን ዓመት ላይ 900 ሺህ ዓመት የሚያዛንፍ ምን አለ? የሊድ-207/ሊድ-206 ዕድሜ ሲሰላ ከዲኬይ ኮንስታንቶቹ ሌላ አንድ ቁጥር ይገባል። የዛሬው ዩራኒየም-238 ለዩራኒየም-235 ያለው ሬሾ ነው። ለብዙ ዓመታት 137.88 ተብሎ ተይዞ ነበር። በ2012 ብዙ ዚርኮኖች እንደገና ተለክተው 137.818 የሚል ታተመ። ሁለቱን እያቀያየርኩ በእጅ አሰላሁ። ልዩነቱ 0.9 ሚሊዮን ዓመት ወጣ። ይኸው ነው!

ከዚያ በሁሉም ፋይሎች ውስጥ 137 የሚል ቁጥር ፈለግኩ። ሰባት ቦታ ተገኘ። አምስቱ ጋ 137.88፣ ሁለቱ ጋ 137.818። ግራፉን የሚስለውን ክፍል አንድ ሰው በቅን ልቦና አድሶታል። ሠንጠረዡን የሚሠራውን ግን አልነካም። አንዱም ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚል ማብራሪያ አልነበረውም።

ጥገናው ቀላል ነበር። ኮንስታንቶቹን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ሰበሰብኩ። እያንዳንዱ ቁጥር፣ የስህተት ወሰኑ፣ የታተመበት ዓመት። ሌላው ኮድ ሁሉ ከዚያ ይወስዳል። ስሰበስብ ሩቢዲየም-87ንም አየሁ፣ ወደ ስትሮንሺየም-87 የሚለወጠውን ሌላ ሰዓት። ኮዱ 1.42×10⁻¹¹ ይላል። ይህ የ1977 ስምምነት ነው። በ2015 የተመከረው 1.3972×10⁻¹¹ ነው። የአይሶክሮን መስመሩ (ልኬቶቹ የሚሰለፉበት፣ ዕድሜው የሚወጣበት መስመር) ስሎፕ፣ ማለትም ተዳፋቱ፣ 0.0143 ቢሆን በድሮው 1,000 ሚሊዮን፣ በአዲሱ 1,016 ሚሊዮን ዓመት ይወጣል። 16 ሚሊዮን ዓመት በአንዲት ቁጥር!

የቱ ይቅደም? ጓደኛዬን ጠየቅኳት። “የራሴን ውጤት ሳወጣ አዲሱን እፈልጋለሁ፣ ከድሮ ጽሑፍ ጋር ሳወዳድር ድሮውን። ብቻ የትኛውን እንደተጠቀምክ ንገረኝ” አለችኝ። የዚህ ሥራ መመሪያዬ ይህ ሆነ። ተጠቃሚው ካልመረጠ አዲሱ ይሠራል። ከእያንዳንዱ ዕድሜ ሥር ግን በየትኞቹ ቁጥሮች እንደተሰላ የሚናገር መስመር አብሮ ይታተማል። መስመሩን ማጥፋት አይቻልም። ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ኮንስታንቱ ያልተጻፈለት ዕድሜ ከዓመታት በኋላ ከሌላ ዕድሜ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ወጪ፦ 9 ሰዓት። ከዚህ ውስጥ ፍለጋው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪው ዓመተ ምሕረቶችን ማመሳከር ነበር።

ሳምንት 3

ግብዓት። ይህን ሳምንት ማንም አይወደውም፣ እኔ ግን ብዙ ስህተት የተቀበረው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዳንድ አገር የአስርዮሽ ነጥብ በኮማ ይጻፋል። 0.1678 የሚለው 0,1678 ሆኖ ይመጣል። ፕሮግራሙ ኮማውን እንደ ዓምድ መለያ ስለሚያነበው አንዱ ቁጥር ሁለት ይሆናል፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ አንድ ዓምድ ይንሸራተታል። ኤረር የለም። ዕድሜ ይወጣል። የማይረባ ዕድሜ። ሌላው፣ ፋይሉ በኤክሴል ሲያልፍ የወር ስም የሚመስሉ የናሙና ስሞች ወደ ቀን ይቀየራሉ። ከአንድ ድንጋይ የመጡ አራት የዚርኮን ቅንጣቶች የቀን መቁጠሪያ መስለው አገኘኋቸው።

ከሁሉ የሚከፋው የስህተት ወሰኑ ነው። 1 ሲግማ ነው (እውነተኛውን ቁጥር ከ100 ጊዜ 68 ጊዜ ገደማ የሚይዘው) 2 ሲግማ (95 ጊዜ ገደማ የሚይዘው)? በፐርሰንት ነው በቁጥሩ ልክ? ፋይሉ አይናገርም፣ ፕሮግራሙ ይገምታል። አሁን መገመት አቆመ። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ይህን ካልተናገረ ፕሮግራሙ አይሠራም፣ ምን እንደጎደለም ይናገራል። አንድ ተጠቃሚ “ድሮ ይሠራልኝ ነበር” ብሎ ጻፈልኝ። የድሮ ፋይሉን ላከልኝና አብረን አየነው። 2 ሲግማው እንደ 1 ሲግማ ሲነበብ ኖሯል። አልተከራከረም።

ሳምንት 4 እና 5

በጣም የተማርኩበት ባግ (የኮድ ስህተት)።

አንድ ፋይል ሲገባ ኮንኮርዲያው ላይ መሳል ያለበት ሞላላ ጠፋ። ኮንኮርዲያ ማለት ሁለቱ የዩራኒየም ሰዓቶች አንድ ዓይነት ዕድሜ የሚሰጡባቸው ነጥቦች የሚሠሩት ኩርባ ነው። እያንዳንዱ ልኬት በነጥብ ሳይሆን በሞላላ ይሳላል። የሞላላው ስፋት የስህተት ወሰኑን፣ ዘንበል ማለቱ ደግሞ የሁለቱን ሬሾዎች ኮሪሌሽን፣ ማለትም ስህተታቸው ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ፣ ያሳያል። ከ60 ልኬቶች 4ቱ ቁጥር አይደለም የሚል ውጤት ሰጡ፣ ፕሮግራሙም ዝም ብሎ ዘለላቸው። ዘለላቸው! ከዚያ አማካይ ዕድሜውን በ56 አሰላ።

መጀመሪያ የልኬቱ ፋይል ተበላሽቷል ብዬ አሰብኩ። ጓደኛዬ አይሶቶፖቹን ከሚለካው መሣሪያ፣ ከማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ጥሬውን ልኬት አወጣችልኝ። ደህና ነው። ከዚያ የግራፍ ላይብረሪውን ጠረጠርኩ፣ አዲስ ቨርዥን ጫንኩ። ምንም። አራት ማታ እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻ ኮሪሌሽኑን ራሱን አሳተምኩት። 1.0125 ይላል። ኮሪሌሽን ከ1 አይበልጥም። ከየት መጣ? ፋይሉ ኮሪሌሽን ካልያዘ ፕሮግራሙ ከሦስቱ ሬሾዎች የስህተት ወሰን ራሱ ያሰላዋል። ቀመሩ ትክክል ነው። የ207/235 (ሊድ-207 ለዩራኒየም-235) ወሰን 1.2 ፐርሰንት፣ የ206/238 ወሰን 1.0 ፐርሰንት፣ የ207/206 ወሰን 0.1 ፐርሰንት ነበር። የሁለቱን ስኩዌር ደምር፦ 1.44 ሲደመር 1.00። የሦስተኛውን ስኩዌር 0.01 ቀንስ፦ 2.43። ለ2 ሲባዛ 1.2 ሲባዛ 1.0፣ ማለትም ለ2.4 አካፍል። 1.0125።

ጥፋቱ ማጠጋጋቱ ነው። ሦስቱ ወሰኖች እንደ ሦስት ማዕዘን ጎኖች ናቸው። ሦስተኛው ከሁለቱ ልዩነት ሊያንስ አይችልም፣ እዚህ ከ0.2 ማለት ነው። አንድ ዲጂት ብቻ ሲቀር 0.1 ሆኖ ተጻፈ፣ ሦስት ማዕዘኑም አልገጠም አለ። የሳምንት 1 ጥርጣሬዬ ቦታው ተሳሳተ እንጂ ማጠጋጋትስ አለበት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን ሰው በጻፈው ሠንጠረዥ ላይ።

ምን ላድርግ? ሦስት ነገር ሞከርኩ። አንደኛ፣ ከ1 የሚበልጠውን 0.99 ላይ መቁረጥ። ሞላላው ይሳላል፣ ግን ያልተለካ ቁጥር ፈጠርኩ ማለት ነው። ተውኩት። ሁለተኛ፣ ኮሪሌሽኑን ዜሮ ማድረግ። ይህ የባሰ ነው፣ ሞላላው ያብጣል፣ ዘንበሉም ይጠፋል። ሦስተኛው ቀረ። ፕሮግራሙ ይቆማል፣ የትኛው ረድፍ እንደሆነ ይናገራል፣ ኮሪሌሽኑን ወይም ያልተጠጋጋውን ቁጥር ይጠይቃል። ተጠቃሚው ረድፉን መተው ከፈለገ ራሱ ይጽፋል፣ ሪፖርቱም ላይ ከስንቱ ስንቱ እንደተተወ ይወጣል። በዝምታ የሚጠፋ ልኬት ከእንግዲህ የለም።

ሳምንት 6

መስመር ማስማማት። አይሶክሮን ቀጥታ መስመር ነው፣ ዕድሜው ከስሎፑ ይወጣል። ነጥቦቹ በኤክስም በዋይም አቅጣጫ ስህተት ስላላቸው ተራው ሪግሬሽን አይሆንም። በመስኩ የሚታወቀው የዮርክ ዘዴ ነው። የድሮው ኮድ ለማንበብ ስለከበደኝ እንደገና ጻፍኩት፣ 70 መስመር ሆነ።

ለመፈተሽ የታወቀ ዳታ አለ። ፒርሰን በ1901 ያወጣቸው 10 ነጥቦች፣ ዮርክ በ1966 ከሰጣቸው ክብደት ጋር። መልሱ ይታወቃል፦ ስሎፕ −0.4805፣ ዋይን የሚቆርጠው 5.4799 ላይ። የእኔም ይህንኑ ሰጠ። ደስ አለኝ፣ ዘጋሁት።

ፈጥኛለሁ። በማግስቱ 1 ሚሊዮን ዓመት ለሆነው ሰው ሠራሽ የሩቢዲየም-ስትሮንሺየም አይሶክሮን ብሞክረው ዕድሜው በብዙ ፐርሰንት ሳተ። ኮዱ ስሎፑን ደጋግሞ እያሻሻለ ይሄዳል፣ ለውጡ ከ10⁻⁶ ሲያንስ ይቆማል። የፒርሰን ስሎፕ 0.48 ስለሆነ ይህ ይበቃዋል። የ1 ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ስሎፕ ግን 1.4×10⁻⁵ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ 10⁻⁶ ማለት 7 ፐርሰንት ነው። ሳይደርስ ይቆማል። አሁን ለውጡ የሚለካው ከስሎፑ አንጻር ነው። ታዋቂው ፈተና አልፎ ባጉ ግን በሕይወት ነበር። ለዚህ ነው አሁን ከአንድ ፈተና ይልቅ አሮጌም ወጣትም ድንጋይ የምሞክረው።

እዚያው አጠገብ ሌላ ነገር አየሁ። ኤምኤስደብልዩዲ የሚባል ቁጥር አለ፣ ነጥቦቹ ከመስመሩ የራቁት በተነገረላቸው ስህተት ልክ መሆኑን ይለካል። ወደ 1 ከቀረበ ጥሩ ነው። ለ10 ነጥብ 0.5 ያህል ወዲያና ወዲህ ማለቱ ያለ ነው። የፒርሰን ዳታ 1.48 ይሰጣል፣ ደህና ነው። በጣም ከበለጠ መስመሩ ያልያዘው መበታተን አለ ማለት ስለሆነ ብዙዎች የስህተት ወሰኑን በስኩዌር ሩቱ አባዝተው ያሰፉታል። ኮዱ ግን ሁልጊዜ ያባዛ ነበር። ኤምኤስደብልዩዲው 0.25 ቢሆን በ0.5 ይባዛል፣ የስህተት ወሰኑ በግማሽ ያንሳል! ነጥቦቹ ከተነገረላቸው በላይ መስመሩ ላይ መግጠማቸው ላብራቶሪው ስህተቱን አብዝቶ ገምቷል የሚል ምልክት ሊሆን ይችላል። ላልተሠራ ልኬት ሽልማት አይደለም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመርኩ። አንድ መስመር ኮድ ነው።

ሳምንት 7

ትንሽ ሥራ። ፓይቴስት የሚባለውን የኮድ መፈተሻ አስገባሁ። አሁን ለውጥ በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ኮሚት ባደረግኩ ቁጥር 48 ፈተናዎች ይሮጣሉ። 5 ሰዓት።

ሳምንት 8

ጓደኛዬ ያለችኝን ሠራሁ። “የምታውቀውን ዕድሜ አስገባና ያንኑ መልሶ ይሰጥህ እንደሆነ እይ” ብላኝ ነበር። እውነተኛ ዕድሜ 1,000 ሚሊዮን ዓመት ይሁን። ሬሾዎቹ 206/238 ሲሆን 0.1678፣ 207/235 ሲሆን 1.6774 ይሆናሉ። በእነዚህ ላይ የሚታወቅ መጠን ያለው የዘፈቀደ ስህተት እየጨመርኩ 10,000 የውሸት ናሙናዎች ሠራሁ። 2 ሲግማ የተባለው ወሰን እውነተኛውን ዕድሜ ከ100 ጊዜ 95 ጊዜ ገደማ መያዝ አለበት።

የመጀመሪያው ሩጫ 40 ደቂቃ ፈጀ። አንድ በአንድ ሲዞር ነው። ሂሳቡን በነምፓይ (የፓይተን የሂሳብ ላይብረሪ) ድርድሮች አንድ ላይ እንዲሠራ አድርጌ ስጽፈው ከ1 ደቂቃ በታች ወረደ።

አይሶክሮኑ ያዘ። ኮንኮርዲያውም ያዘ። ክብደት የተሰጠው አማካይ ግን 68 ፐርሰንት ላይ ቀረ። 68 የትም የሚገኝ ቁጥር አይደለም፣ የ1 ሲግማ ፊርማ ነው። ስለዚህ ሳልፈልግ ምን እንደሆነ አወቅኩ። ግራፉ ላይ 2 ሲግማ የሚለው ጽሑፍ ከ1 ሲግማ ቁጥር አጠገብ ተቀምጧል። ስንት ሰው ይህን ቁጥር አምኖ ሁለት ድንጋዮች የተለያየ ዕድሜ አላቸው ብሎ ደምድሞ ይሆን? ይህ ያሳስበኛል። በአዲሱ ቨርዥን ማስታወቂያ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩት፣ በትልቁ። ከዚህ በፊት በዚህ ፕሮግራም አማካይ ያወጣ ሰው እንደገና ያስላ የሚል።

ሳምንት 9

ወጣት ዚርኮኖች። ፕሮግራሙ ይወድቅ ነበር። ዕድሜ ወደ ዜሮ ሲቀርብ የሊድ-207/ሊድ-206 ሬሾ ወደ 0.04607 ይጠጋል። ከዚያ በታች ከዜሮ በላይ የሆነ ዕድሜ የለም። ወጣት ዚርኮን ውስጥ ሊድ-207 በጣም ጥቂት ስለሆነ በልኬት መዋዠቅ ብቻ 0.0455 ሊነበብ ይችላል። የድሮው ኮድ ከ1,000 ሚሊዮን ዓመት ተነስቶ በኒውተን ዘዴ ሲፈልግ ይስትና ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል።

ፍለጋውን በሁለት ወሰን መካከል ወደሚሠራው የብሬንት ዘዴ ቀየርኩ፣ ሳይፓይ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ አለ። ወሰኑ ከዜሮ በታችም እንዲሄድ አደረግኩ። ዕድሜው ኔጌቲቭ ቢወጣ እንኳ ይጻፍ። ትርጉሙ የስህተት ወሰኑ ዜሮን ያቅፋል ማለት ነው። ኔጌቲቮቹን ብንጥል አማካዩ በግድ ወደ ላይ ያደላል።

የሳምንት 1 ኤክስፒኤም1 ሥራ እዚህ ቦታውን አገኘ። ዜሮ አጠገብ ሁለት በጣም ትንንሽ ቁጥሮች እርስ በርስ ይካፈላሉ። በድሮው አሠራር ኩርባው እዚያ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ለስላሳ ነው። ልክ ዜሮ ላይ ግን ዜሮ ለዜሮ ስለሚሆን ለብቻው ያዝኩት።

ሳምንት 10

አርጎን-አርጎን፣ ፖታሲየም-40 ወደ አርጎን-40 በሚለወጥበት ፍጥነት የሚሠራው ዘዴ። ይህ አላለቀም።

እዚህ ዕድሜ የሚወጣው ዕድሜው ከታወቀ ማዕድን ጋር በማወዳደር ነው። ሁለቱም አብረው ኑክሌር ሪአክተር ውስጥ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ፊሽ ካንየን ሳኒዲን ነው፣ ፊሽ ካንየን ከሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣ ማዕድን። ችግሩ የእሱ ዕድሜ ራሱ ተቀያይሯል። በ1998 28.02፣ በ2008 28.201፣ በ2011 28.294 ሚሊዮን ዓመት። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው 0.65 ፐርሰንት ነው። የ100 ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ 650 ሺህ ዓመት ገደማ ይዘላል።

ቀላል ነው ብዬ ዝርዝር ምርጫ ሠራሁ። የማዕድኑ ዕድሜ ለብቻው፣ ዲኬይ ኮንስታንቱ ለብቻው። ስህተት ነበር። የ2011ዱ ቁጥር ከራሱ ዲኬይ ኮንስታንት ጋር የመጣ ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው ማንም ያልለካውን ድብልቅ ይሰጣል። ምርጫውን አፍርሼ ጥቅል አደረግኩት። ማዕድኑና ኮንስታንቱ አብረው ይመረጣሉ። 6 ሰዓት ሥራ ተጣለ።

የቀረው የድሮ የታተሙ ዕድሜዎችን ወደ አዲሱ መለወጥ ነው። ለዚያ ጸሐፊው የተጠቀመውን ጥቅል ማወቅ ያስፈልጋል፣ ብዙ ሠንጠረዦች ግን አይጽፉትም።

ሳምንት 11

ማመሳከር። ለረጅም ጊዜ የመስኩ ሰዎች የጋራ መሣሪያ ኬኔት ሉድዊግ በበርክሌይ ጂኦክሮኖሎጂ ሴንተር የሠራው አይሶፕሎት ነበር። ኤክሴል ውስጥ የሚገባ ሲሆን ከድሮ የኤክሴል ቨርዥኖች ጋር ታስሮ ቀረ። በ2018 የታተመው የፒተር ፈርሜሽ አይሶፕሎትአር በአር ቋንቋ የተጻፈ፣ ነፃና ክፍት ነው። 12 ፋይሎችን በእሱም በእኛም አስኬድኩ። 11ዱ እስከ መጨረሻው የታተመ ዲጂት ገጠሙ። አንዱ አልገጠመም። ግማሽ ቀን ኮድ ሳነብ ዋልኩ። ኋላ ከዕድሜው ሥር ያለውን መስመር አየሁ። እኔው የድሮውን ሩቢዲየም መርጬ ረስቼዋለሁ። መስመሩ ለዚህ ነበር የተጻፈው፣ መጀመሪያ ማየት ነበረብኝ።

አዲሱን ቨርዥን ለቀቅኩ። ጓደኛዬ ያንን የመጀመሪያ ፋይል እንደገና አስኬደችው። ሠንጠረዡና ግራፉ አንድ ቁጥር ይላሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አርጎን እመለሳለሁ። አንድ ላብራቶሪ የድሮ ሠንጠረዦቹን ከነጥቅላቸው ሊልክልኝ ቃል ገብቷል። ከእነሱ እጀምራለሁ።